የመስማት ነርቭ ችግር ላለባት ልጄ የገዛነው ሂሪንግ ኤይድና ማይክ፣ ጅማ ላይ እንዴት ሰራልን

ጅማ ሆናችሁ ልጃችሁ "የመስማት ነርቭ ችግር አለበት፣ ሂሪንግ ኤይድ ይሞከርለት" ተብላችሁ ግራ የገባችሁ ካላችሁ ይሄን አንብቡት። እኛ ለልጃችን ከጆሮ ጀርባ የሚውል ጥንድ ሂሪንግ ኤይድ (ድምፅ ከፍ የሚያረግ የመስሚያ መሳሪያ) እና አስተማሪዋ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው ገመድ አልባ ማይክ ገዝተን ዓመት አልፎናል። ፍርዴን ከመጀመሪያው ልናገር፣ መሳሪያው ብቻውን ከአምስት ሶስት፣ ማይኩ ከአምስት አምስት፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ደሞ ለኛ ልጅ ያወጣንበትን ብር ያካክሳሉ። ግን መሳሪያውን ብቻ ገዝቶ ጆሮዋ ላይ አርጎ በቃ ሰማች ብሎ መቀመጥ ለዚህ ችግር አይሰራም፣ ለምን እንደማይሰራ ነው ረዘም አርጌ የምጽፈው፣ ታገሱኝ።

ብራንዱን አልጽፍም፣ ምክንያቱም ሰው ስሙን ይዞ ሄዶ ያንኑ ስጡኝ እንዲል አልፈልግም። ፎናክም ኦቲኮንም ለልጅ ተብሎ የተሰራ መሳሪያ አላቸው፣ የባትሪው በር የሚቆለፍ፣ መስራት አለመስራቱን በትንሽ መብራት የሚያሳይ፣ ከአስተማሪ ማይክ ጋር የሚገናኝ። ለኛ ዓይነት ችግር ልዩነት የሚያመጣው ማን አስተካከለው፣ ከምን ምርመራ ተነስቶ አስተካከለው፣ ከተሸጠ በኋላስ ማን ይከታተለዋል የሚለው ነው።

ችግሩ ራሱ ምን እንደሆነ ሳይገባ መሳሪያውን መመዘን ስለማይቻል ትንሽ ልበል። አብዛኛው በቋሚነት መስማት የሚቸገር ልጅ የተጎዳበት ውስጠኛው ጆሮ ላይ ያሉት ጥቃቅን የፀጉር ሴሎች ናቸው፣ ለሱ ድምፁን ከፍ ሲያረጉለት ብዙ ነገር ይስተካከላል። የኛ ልጅ ግን ውጨኛዎቹ የፀጉር ሴሎቿ ደህና ናቸው፣ ድምፁ ጆሮዋ ውስጥ በትክክል ይገባል፣ የሚበላሸው ከዛ ወዲያ ወደ አንጎል በሚሄደው መንገድ ላይ ነው፣ ነርቩ መልእክቱን እኩል ሰዓቱን ጠብቆ ስለማይልከው አንጎል ጋ የሚደርሰው የተበታተነ ነገር ነው። ጣቢያው በደንብ ያልተያዘ ሬዲዮ ድምፁን ብትጨምሩት ጩኸቱ ይጨምራል እንጂ ወሬው አይጠራም አይደል፣ እንደዛ ነው። ሐኪሞቹ ኦዲቶሪ ኒውሮፓቲ ስፔክትረም ዲስኦርደር ይሉታል፣ ሲያሳጥሩት ኤኤንኤስዲ፣ ይሄ ስም የተስማሙበት እ.ኤ.አ. በ2008 ጣሊያን ኮሞ ከተማ በተደረገ ስብሰባ ነው። ስፔክትረም ያሉበት ምክንያት አንዱ ልጅ ፀጥ ያለ ቤት ውስጥ ምንም ችግር የሌለበት እስኪመስል ድረስ ይሰማል፣ ሌላው ደሞ ምንም አይሰማም፣ ሁለቱም ስማቸው አንድ ነው። ስለዚህ ጎረቤት ልጅ ላይ የሰራ ነገር እናንተ ልጅ ላይ ላይሰራ ይችላል፣ የኔም ሪቪው በዚሁ ልክ ይነበብልኝ።

ምርመራው ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ቦታ አለ። ኦኤኢ የሚባለው፣ ጆሮ ውስጥ ትንሽ ጎማ ነገር ከተው ከውስጥ ጆሮ የሚመለሰውን ድምፅ የሚለኩበት፣ ልጄ አልፋዋለች። በዛ ቢቆም ኖሮ ደህና ናት ተብለን ወደ ቤታችን ነበር። ኤቢአር የሚባለው ደሞ ልጅቷ ተኝታ ጭንቅላቷ ላይ ሽቦ ለጥፈው ነርቩና የአንጎል ግንዱ ለድምፅ የሚሰጠውን ምላሽ የሚያዩበት ነው፣ እዛ ላይ ሊታይ የሚገባው ማዕበል የለም፣ ዝም ያለ መስመር። ኦኤኢ አልፎ ኤቢአር ሲጠፋ ነው ይሄ ችግር የሚጠረጠረው። እዚህ ላይ ለእናቶች አንድ ነገር ልናገር፣ ልጃችሁ ሲወለድ ቢጫነቱ በጣም ከፍ ብሎ ደም እስከመቀየር የደረሰ፣ ወይም ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ወይም ታፍኖ የተወለደ፣ ወይም ጽኑ ሕፃናት ክፍል የቆየ ከሆነ ኦኤኢ ብቻ አይበቃም። አሜሪካኖቹ የሕፃናት መስማት ኮሚቴያቸው ጽኑ ሕፃናት ክፍል ከ5 ቀን በላይ የቆየ ልጅ በኤቢአር እንዲታይ ይላል። የኔዋ ከቢጫ ነው የመጣባት፣ ቢጫውን የሚያመጣው ቢሊሩቢን ሲበዛ የመስማት ነርቩንና የአንጎል ግንዱን ይጎዳል። አራስ ልጅ ቢጫ ሲሆን ፀሐይ አሙቂው ይበቃዋል የሚለውን ምክር ሰፈር ውስጥ አሁንም እሰማለሁ፣ እባካችሁ ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱት፣ ቢጫውን የሚቀንሰው የሐኪም ቤቱ ሰማያዊ መብራት በጊዜ ከተደረገ ስንት ልጅ ይተርፋል።

ከምርመራው በኋላ ኤምአርአይ ታዘዘልን፣ ነርቩ መኖሩን ለማየት ነው፣ አንዳንድ ልጅ ላይ ነርቩ በጣም ቀጭን ወይም ጭራሽ የሌለ ሆኖ ይገኛልና ምርመራው ላይ ከኛ ችግር ጋር ይመሳሰላል። የኛዋ ነርቭ አለ፣ ተመስገን።

መሳሪያውን ለመግዛት መጀመሪያ የሄድንበት አንድ ሻጭ (አዲስ አበባ ነው፣ ስም አልጠራም) የኤቢአሩን ወረቀት ብቻ አይቶ "ከባድ ነው፣ ኃይለኛ መሳሪያ ያስፈልጋታል" ብሎ ወዲያው ሊሸጥልን ነበር። ደስ አላለኝም ወጣን። ሁለተኛ ያገኘናት ኦዲዮሎጂስት (የመስማት ባለሙያ) ወረቀቱን አየችና "እናት፣ ይሄ መስመር ነርቩ እንዳልተቀናጀ ነው የሚነግረን፣ ምን ያህል እንደምትሰማ አይነግረንም፣ እሱን ራሷ ናት የምትነግረን" አለችኝ። ይሄ ነገር እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ፣ ለኤኤንኤስዲ ልጅ በኤቢአር ተነስቶ መሳሪያ መሙላት፣ ማለትም ድምፁን ለልጁ መስማት ልክ ማስተካከል፣ አይቻልም። ኤቢአሯ ባዶ የሆነ ልጅ መካከለኛ የመስማት ችግር ብቻ ሊኖርባት ይችላል፣ ለሷ ኃይለኛውን መሳሪያ ብታረጉላት ደህና የሆኑትን ሴሎቿን በጩኸት ልትጎዱ ነው።

ስለዚህ ልጅቱን በጨዋታ ነው የለኳት። ድምፅ በሰማሽ ቁጥር አንድ ኩብ ባልዲው ውስጥ ጣይ ተባለች፣ ኩቡን ጉንጯ ላይ ይዛ ትጠብቃለች፣ ትጥላለች፣ አንዳንዴ ሳትሰማም ትጥላለች፣ ኦዲዮሎጂስቷ እየሳቀች ትጠብቃታለች። ትንሽ ሕፃን ከሆነ ከስድስት ወር ገደማ ጀምሮ ድምፅ ሲመጣ ዞር ካለ መብራት የሚበራበት መጫወቻ እያሳዩ ይለኩታል። በሌላ ቀን ደግማ ለካቻት፣ ምክንያቱም የዚህ ችግር ልጆች መስማታቸው ከቀን ቀን ይለዋወጣል፣ እውነትም የኛዋ በሁለቱ ቀን እኩል አልሆነችም። ከዛ ዲኤስኤል በሚባለው የልጆች አሞላል ቀመር አስልታ፣ ጆሮዋ ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብታ መሳሪያው በእውነት የሚያወጣውን ድምፅ ለክታ፣ ከፍተኛው ጩኸት የት ላይ እንደሚቆም ወስና ሰጠችን። ሻጫችሁ ይሄን ጆሮ ውስጥ የሚደረግ ልኬት ካላደረገ ብሩን አትክፈሉ፣ ከምር ነው የምላችሁ። የልጅ ጆሮ ቱቦ ጠባብ ስለሆነ ያው መሳሪያ ልጅ ጆሮ ውስጥ ከአዋቂ ጆሮ የበለጠ ይጮሃል።

ልጅ በጣም ሕፃን ከሆነ ደሞ ሌላ ነገር አለ፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱና በቢጫ ምክንያት ችግሩ የመጣባቸው አንዳንድ ሕፃናት ላይ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ዓመት ውስጥ ነርቩ እየተሻሻለ ይመጣል፣ ስለዚህ ምርመራው መደጋገም አለበት፣ አንዴ በተሞላ መሳሪያ ዓመት መቆየት የለም።

እና ምን ሰራልን? ቤት ውስጥ፣ ፀጥ ባለበት፣ በጣም ሰራ። ስሟን ከሌላ ክፍል ስጠራት ትመጣለች። ድሮ በር ሲንኳኳ አታውቅም ነበር፣ አሁን "ሰው መጣ" ብላ ቀድማ የምትሮጠው እሷ ናት። ጠዋት ቁርስ ላይ ከጀርባዋ ሆኜ አፌን ሳታይ ስድስት ድምፅ እላለሁ፣ አ፣ ኡ፣ ኢ፣ ም፣ ሽ፣ ስ፣ እሷ እያኘከች ትደግምልኛለች። ሊንግ የሚባል ምርመራ ነው፣ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ የንግግርን ስፋት ስለሚሸፍን መሳሪያው ሰርቶ እንደሆነ በአንድ ደቂቃ ታውቃላችሁ። ም እና ኡ ላይ ተሳስታ አታውቅም፣ ስ ስትጠፋባት መጀመሪያ ባትሪውን፣ ከዛ ቱቦውን አያለሁ፣ ሁለቱም ደህና ከሆኑ ያ ቀን መጥፎ ቀኗ ነው፣ ለአስተማሪዋ እነግራታለሁ። አንዳንድ ልጆች ላይ ትኩሳት ሲመጣ መስማቱ ጭራሽ የሚጠፋበት ዓይነትም አለ፣ ሲሻላቸው ይመለሳል፣ ልጃችሁ በታመመ ቁጥር የማይሰማ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፣ ትልቅ ፍንጭ ነው።

ያልሰራው ደሞ ይሄ ነው። ተ እና ጠ፣ ደ እና ተ ትቀላቅላለች፣ ቃል ሲጠብቅና ሲላላ መለየት ይከብዳታል፣ ይሄን መሳሪያው አላስተካከለውም ሊያስተካክለውም አይችልም፣ ምክንያቱም ነርቩ የሚያበላሸው ሰዓቱን ነው፣ ድምፁን ከፍ ማረግ ሰዓቱን አይመልስም። ጫጫታ ውስጥ ደሞ ያልቅላታል። ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ይዣት ስሄድ ባጃጁ፣ ሻጩ፣ አህያው፣ አንዱ ላይ አንዱ ሲደራረብ ራሷ መሳሪያውን አውልቃ እጄ ላይ ታስቀምጥልኛለች። አላስገድዳትም። ሌሎች መስማት የተቸገሩ ልጆችም በጫጫታ ይቸገራሉ፣ የነዚህኞቹ ግን ከሌላው በጣም የባሰ ነው፣ ኦዲዮግራማቸው (ምን ያህል ድምፅ እንደሚሰሙ የሚያሳየው ወረቀት) ደህና እየመሰለ ንግግር የማይለዩበት ምክንያቱ ይሄ ነው።

እና ጅማ ነው ያለነው። ዝናቡን ታውቁታላችሁ። የልጄ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ አስተማሪዋ ትጮሃለች፣ ልጆቹ ይጮሃሉ፣ ደህና የሚሰማውም ልጅ የሚሰማው ግማሹን ነው። ሂሪንግ ኤይዱ ደሞ የዝናቡንም ድምፅ አብሮ ከፍ ያረጋል። መጀመሪያ ያለ ማይክ በተጠቀምንበት ጊዜ ልጄ ዝናብ ሲጀምር ጭንቅላቷን ዴስኩ ላይ ደፍታ ትተኛለች ተባልኩ። ሰነፍ ስለሆነች አይደለም፣ ደክሟት ነው፣ የተበታተነ ድምፅ ቀኑን ሙሉ እየለቀሙ መዋል እንዴት እንደሚያደክም አስቡት።

ማይኩ የመጣው ከዛ በኋላ ነው፣ እና በኔ አስተያየት ከጠቅላላው ግዢ ዋናው እሱ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ሂሪንግ ኤይድ በደንብ የሚይዘው አንድ ሁለት ሜትር ላይ ያለውን ሰው ነው፣ ከዛ በላይ ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፁ በስድስት ዴሲቤል ይወርዳል፣ የክፍሉ ጫጫታ ግን አይወርድም። ማይኩ ከአስተማሪዋ አፍ በስንዝር ርቀት ነው የሚውለው፣ ድምፅዋን ከዛ ወስዶ በቀጥታ ልጄ ጆሮ ውስጥ ይሰጣታል፣ ስለዚህ አስተማሪዋ ክፍሉ ጥግ ሆና ብታወራም ለልጄ አጠገቧ የቆመች ያህል ነው፣ ዝናቡም ከንግግሩ በታች ይሆናል። ነርቩን አያድነውም፣ ግን ለደካማው ነርቭ የሚደርሰውን ነገር ያፀዳለታል፣ ለዚህ ችግር ደሞ ሰው ሊያረግ ከሚችለው ነገር ትልቁ ይሄ ነው።

አስተማሪዋ መጀመሪያ ፈርታው ነበር፣ "ይሰበርብኛል የሚጣ እናት፣ ዕዳ ውስጥ አታስገቢኝ" አለችኝ። ቁጭ ብለን አሳየኋት፣ አንድ ቁልፍ ነው ያለው፣ ስትጀምሪ ክፈቺው፣ ከሌላ አስተማሪ ጋር ስታወሪ ወይ ሻይ ልትጠጪ ስትወጪ ዝጊው፣ ካልዘጋሽው ወሬሽን በሙሉ ልጅቷ ትሰማዋለች። ሌላ ልጅ ሲመልስ ደሞ ወይ ማይኩን አቀብዪው ወይ መልሱን አንቺ ድገሚው፣ አለበለዚያ ልጄ ጥያቄውን ሰምታ መልሱ ያመልጣታል። የመጨረሻው ነው ከባዱ፣ ስልሳ ምናምን ልጅ ባለበት ክፍል ማይክ ማዞር ጊዜ ይበላል፣ ስለዚህ አሁን መልሱን መድገም ለምዳለች። እንደውም ሌሎቹንም ልጆች ጠቅሟቸዋል አለችኝ። ከሳምንታት በኋላ ስጠይቃት "ዝናብ ሲመጣ እኮ እኔም ራሴን አልሰማም፣ እሷ ግን ቀና ብላ ታየኛለች" አለች። ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ክፍሉ ለጉብኝት ሲወጣ ማይኩን አስጎብኚው አንገት ላይ አርጋለት ነበር፣ ልጄ ማታ መጥታ ስለ ንጉሡ የነገረችኝን ነገር ብዛት ምን ልበላችሁ፣ ከዛ በፊት ከትምህርት ቤት ይዛው የምትመጣው ወሬ አልነበረም።

የማይኩ ችግር ቻርጅ ነው። ማታ ማታ መሞላት አለበት፣ መብራት በጠፋ ቀን ፓወር ባንክ ካልተሞላ በማግስቱ ዋጋ የለውም። ፓወር ባንክ ለሱ ብቻ ለይቼ ይዣለሁ። ሌላው፣ ማይኩ ከሂሪንግ ኤይዱ ጋር የሚግባባ ዓይነት መሆን አለበት፣ የአንዱ ኩባንያ ማይክ ለሌላው ሂሪንግ ኤይድ ላይሰራ ይችላል፣ ሂሪንግ ኤይዱን ዛሬ ገዝታችሁ ማይኩን ከርሞ ለመግዛት ካሰባችሁ ከርሞ የትኛው ማይክ እንደሚገባለት ዛሬውኑ ጠይቁ።

ባትሪ። የኛ መሳሪያ 13 ቁጥር ነው የሚወስደው፣ ብርቱካንማ ስቲከር ያለው። ዚንክ ኤር ስለሆነ ስቲከሩን ስትልጡት አየር ገብቶ ነው የሚነሳው፣ ስለዚህ ከላጣችሁ በኋላ ጥቂት ደቂቃ አስቀምጡትና ክተቱት፣ ቶሎ ከከተታችሁት ዕድሜው ያጥራል። ስቲከሩን መልሶ መለጠፍ አያድነውም። ጅማ ውስጥ ስፈልግ አንዳንዴ አገኛለሁ አንዳንዴ የለም፣ ያገኘሁትም ቀኑ ያለፈ የሆነበት ጊዜ ስላለ ሰው አዲስ አበባ ሲሄድ ነው በብዛት የማስገዛው፣ ስትገዙ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ከሁሉ በላይ ግን ትንሽ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ የባትሪው በር በመፍቻ ነገር ካልሆነ የማይከፈት ዓይነት ይሁን፣ ያለቀውንም ባትሪ ጠረጴዛ ላይ አትተዉ፣ ልጅ ከዋጠው ወይ አፍንጫው ውስጥ ከከተተው ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

እርጥበት የመሳሪያው ጠላት ነው፣ የኛ ከተማ ደሞ እርጥበት አይጠፋባትም። ማታ ባትሪውን አውጥቼ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ያለበት ክዳኑ ጥብቅ የሆነ እቃ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ቱቦው ውስጥ የውሃ ጤዛ ካየሁ ኢርሞልዱን (ጆሮዋ ውስጥ የሚገባውን ጎማ) ነቅዬ በትንሿ ጎማ መንፊያ አስወጣዋለሁ፣ አንዲት ጠብታ ቱቦው ውስጥ ቆማ ድምፁን ሙሉ በሙሉ ትዘጋዋለች፣ መሳሪያው ተበላሸ ብላችሁ አዲስ አበባ ድረስ እንዳትሄዱ። ዝናብ ውስጥ ከቤት ስንወጣ ኮፍያ ያለው ጃኬት፣ አለቀ።

ኢርሞልዱ፣ ጆሮዋ ውስጥ የሚገባው በልኳ የተቀረጸው ጎማ፣ ልጅ ሲያድግ ይጠበዋል አይደለም ይሰፋበታል ነው ነገሩ፣ ጆሮዋ ያድግና ክፍተት ይፈጠራል፣ ድምፁ ሾልኮ ይወጣና መሳሪያው ያፏጫል። ሲያፏጭ ሰው ድምፁን ይቀንሰዋል፣ መፍትሄው ግን አዲስ ኢርሞልድ ማሰራት ነው። ለሕፃን በየጥቂት ወሩ ነው የሚቀየረው፣ የኔዋ አሁን ስድስት ዓመቷ ስለሆነ ቀነስ ብሏል። እኛ የምናሰራው አዲስ አበባ ነው፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ ልጅ ይዞ አውቶብስ ላይ፣ አንድ ቀን ለመሄድ አንድ ቀን ለመምጣት። ይሄን ወጪ ከመሳሪያው ዋጋ ላይ ደምሩት፣ የሚሸጥላችሁ ሰው አይደምርላችሁም። ዋጋውን በቁጥር የማልጽፈው ሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ እቃ ዋጋ አንድ ቦታ ስላልቆመ ነው፣ የዛሬው ቁጥር ነገ ያሳስታችኋል። እኛ የእቁብ ዕጣችንና ወንድሜ ከውጭ የላከው ተደምሮ ነው የቻልነው።

በቴሌግራም "የጆሮ ማዳመጫ ማሽን" እየተባለ በርካሽ የሚሸጠውን ለልጅ አትግዙ። ሁሉንም ድምፅ እኩል ከፍ ከማረግ ውጪ ሥራ የለውም፣ ለልጁ ጆሮ አይሞላም፣ የጩኸት ገደቡ አይለካም፣ ማይክ አይቀበልም። የመስማት ነርቭ ችግር ላለበት ልጅ ከምንም ይሻላል የሚባል ነገር አይደለም፣ ከምንም የከፋ ነው።

ሂሪንግ ኤይድ ለነዚህ ልጆች ሙከራ መሆኑን ማወቅ ጥሩ ነው። የሚጠቀሙ አሉ፣ የማይጠቀሙ አሉ፣ ቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ጥሩ ተሞልቶ፣ ቀኑን ሙሉ ጆሮው ላይ ውሎ፣ ከወራት በኋላ ንግግሩ ካልተንቀሳቀሰ ቀጣዩ ጥያቄ ኮክሊየር ኢምፕላንት (በቀዶ ጥገና ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ የሚገባ መሳሪያ) ነው፣ ኦዲዮግራሙ ደህና ቢመስልም እንኳ ለዚህ ችግር ይታሰባል፣ ምክንያቱም ኢምፕላንቱ የፀጉር ሴሎቹን አልፎ ነርቩን በኤሌክትሪክ በአንድ ላይ ይቀሰቅሰዋል። ነርቩ ቀጭን ወይ የሌለ ከሆነ ግን ውጤቱ ደካማ ነው፣ ኤምአርአዩ ለዚህም ነው የሚያስፈልገው። የጂን ሕክምና የሚል ሊንክ የሚልክልኝ ሰው ብዙ ነው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ውጤቱ የወጣው ኦቲኦኤፍ በሚባለው ጂን ብልሽት ለተወለዱ ልጆች ነው፣ የኔ ልጅ ከቢጫ ስለሆነ እሷን አይመለከትም። ቤተሰብ ውስጥ ይሄ ችግር ያለበት ከአንድ በላይ ልጅ ያለው ሰው ግን የጂን ምርመራውን ይጠይቅ።

ምልክት ቋንቋ እያስተማርናት ነው። የባለቤቴ እናት መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር፣ "ልጅቷ ታወራለች እኮ ልጄ፣ ለምን በእጅ ታስለምጃታለሽ" ይሉኝ ነበር። እማማ፣ ገበያ ስንሄድ መሳሪያውን ስታወልቅ በምን ላውራት አልኳቸው። አሁን ዳቦ፣ ውሃ፣ ነይ፣ ተኚ የሚለውን እሳቸውም በእጃቸው ይላሉ፣ ከልጅቷ ጋር ገበያ የሚሄዱትም እሳቸው ናቸው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ንግግሯን አልቀነሰባትም፣ እንደውም መጥፎ ቀኗ ላይ የምትበሳጨው ቀንሷል። ሰፈር ውስጥ አፋን ኦሮሞ ነው ከልጆቹ ጋር የምትጫወተው፣ አንድ ቋንቋ ብቻ ይሁንላት የሚል ምክር ተሰጥቶኝ ነበር፣ ኦዲዮሎጂስቷ ግን አያስፈልግም አለች፣ ትቻታለሁ፣ በሁለቱም ትቀላቅላለች በሁለቱም ትስቃለች።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን የምትጠይቁት፣ በጨዋታ ምርመራ ነው ወይስ በኤቢአር የምትሞላው፣ ጆሮ ውስጥ ትለካለህ ወይ፣ የትኛው ማይክ ይገባለታል፣ ከተገዛ በኋላ ማስተካከያው በነፃ ነው ወይስ በክፍያ፣ ሲበላሽ እዚሁ ይሰራል ወይስ ውጭ ይላካል፣ ውጭ ከተላከ እስከዛ ልጅቷ ምን ታረጋለች። የኛ መሳሪያ አንዴ ተበላሽቶ ብዙ ሳምንት ያለ ምትክ ነው የቆየነው፣ ከመሳሪያው ላይ ሁለቱን ኮከብ የቀነስኩት አንዱ ለዚህ ነው፣ ሌላው ለጫጫታው።

ጅማ ውስጥ ልጁ ይሄ ችግር ያለበት ወላጅ፣ ወይ ክፍሉ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ልጅ ያለው አስተማሪ ካለ ከታች ይጻፍልኝ፣ ማይኩን ይዤ መጥቼ አሳያችኋለሁ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው ያለሁት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይመቸኛል።